መጨረሻ ያጣች ልጅ

ልቦለዴን ጨርሻለሁ ብዬ ያመንኩት ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በዚያች ሳምንት ሪያድ ውስጥ እንደኔ ደስተኛ የቤት ሠራተኛ አልነበረም። ሰሃን ሳጥብ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ምንጣፍ ስጠርግ አንጎራጉራለሁ፤ ማዳሜ እንኳ «ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?» እስክትለኝ ድረስ። ከዚያ አንድ ቀን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ላነበው ተቀመጥኩ። ገና ጥቂት ገጽ ሳልሄድ የጻፍኩበትን ስልክ ልብስ ክምሩ ላይ ወረወርኩት።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ነበር። ሐበሻው ከየሰፈሩ እየታፈሰ ወደ አገሩ የተጫነበት ወቅት አልፎ፣ የተረፍነው የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ያቺን ኢቃማ፣ ከጉያችን ሳንለይ የምንኖርበት ጊዜ። እኔ ሺፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት እሠራ ነበር። የምጽፈው በስልኬ ነው፤ በልብስ መተኮሻዋ ክፍል፣ ቤተሰቡ ምሳ በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት። ክፍሏ መስኮት ባይኖራትም የሚዘጋ በር ነበራት። ማዳሜ ስልክ የምትፈቅድልኝም በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር።

ልቦለዱ ከወሎ ስለመጣች አንዲት ልጅ ነው። የሰው ቤት ትገባለች፣ ቤቱ ይቆለፍባታል፣ ትታመማለች፣ በመጨረሻ ትሞታለች። የጻፍኩት አንድ ጆሮዬን ኮሪደሩ ላይ ጥዬ፣ ማዳሜ አሁን ነቃች አሁን ነቃች እያልኩ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ረጋ ብዬ ሳነበው ሁሉም ተፈታ። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ታላቅ እህት አላት፤ መሐል ላይ የበኩር ልጅ ሆና ቁጭ። ማዳሟ አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ቀጭን ናት። ይሄስ ይስተካከል ነበር። ያበገነኝ ሌላ ነው። ልጅቷ በየገጹ ታለቅሳለች፤ እኔን ግን አንድ ጊዜም አላስለቀሰችኝም።

የቤቱ ሾፌር የጎጃም ሰው ነበር፤ መጽሐፍ ወዳጅ፣ ነገረኛ፣ ለትችት የማይሰስት። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ መኪናው ውስጥ ሲጠብቅ የሚያነበው ስለሚያጣ ምዕራፎቹን በስልክ እልክለት ነበር። ሙሉውን ካነበበ በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«እህቴ፣ ለዚች ልጅ የማያዝን የለም። አንቺ ታዝኚላታለሽ፣ ጎረቤት ያዝንላታል፣ ዛፉ ሳይቀር ያዝንላታል። እሷ ራሷ መቼ ነው የምትናገረው?»

«ወንድሜ፣ አንተ መሪህን ያዝ» ብዬ መለስኩለት። እሱ ወደሚያድርባት የግቢ በር ክፍል ሻይ ሳደርስ ቀና ብዬ ሳላየው ሰነበትኩ። ቆይቶ ልክ መሆኑ ሲገባኝ ደግሞ ብሶ ተናደድኩ። እንዲህ ነኝ፤ ሰው ሲሳሳት ቶሎ ይቅር እላለሁ፣ ልክ ሲሆን ግን ያንገበግበኛል።

ከሱ በቀር አንባቢ አልነበረኝም፤ የነበሩኝ አድማጮች ናቸው። በየሰፈሩ የሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች የስልክ ግሩፕ ነበረን። የግማሾቹ ስልክ የአማርኛውን ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳያቸው፤ አንዳንዶቹ ማንበብ አልተማሩም፤ የሁሉም እጅ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ እያነበብኩ በድምፅ እልክላቸዋለሁ፣ እነሱ ሽንኩርት እየከተፉ ይሰሙኛል። ልቦለድ ማደስ ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ ያወቅኩት ከነሱ ጋር ነው። የተጻፈ ይሰረዛል። ድምፅ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የቀድሞው በየስልኩ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ባለፈው ያመጣት አጎቷ ነበር፤ አሁን ደላላ ሆነ?» አለችኝ ራውዳ ሰፈር የምትሠራ የደሴ ልጅ። «ወላሂ አጎቷ ነበር። ድምፁ አለኝ፣ ልላክልሽ?»

«አሻሽዬው ነው እህቴ።»

«ታሪክ ይሻሻላል እንዴ? የሆነው ሆነ አይደል?»

«ልቦለድ ነው እኮ!»

«ቢሆንስ! ኸላስ፣ በቃ፣ አጎቷ ነው ያመጣት። እኔ አጎቷን መጥላት ለምጃለሁ።»

ሌሎቹም ከጎኗ ቆሙ። አጎትየውን መለስኩት። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ መሪውን እየደበደበ ሳቀብኝ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ልጅቷ መቼ ነው የምትናገረው? ቤቱ የተቆለፈባትን ምዕራፍ እንዳለ ጣልኩትና እሷ ራሷ እንድትተርከው አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ በመተኮሻው ጠረጴዛ ዙሪያ እዞራለሁ፣ ተመልሼ አጠፋዋለሁ። የኔ ቃል ነው፣ የሷ አይደለም። ቲማቲም ስልጥ፣ መታጠቢያ ቤት ስፈትግ፣ የማዳሜን ትንሽ ልጅ ሳስተኛ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ማዳሜ «ዱዓ ታበዢያለሽ» ብላ አመሰገነችኝ፤ እኔም አላረምኳትም።

መጨረሻ ላይ የመጣልኝ እንባዋን ሳስቀርባት ነው። ልጅቷ ማልቀስ ትታ የምታደርገውን መናገር ጀመረች። ቋንቋዋን የሚሰማ ስለሌለ ለልብስ ማጠቢያው ማሽን እንደምታወራ፣ ደረቅ ዳቦ ሻይ ውስጥ ነክራ እንደምትበላ፣ ሲጨንቃት የሻሿን ጫፍ እየቋጠረች እንደምትፈታ፣ እናቷ ለዚህ አመሏ ትቆጣት እንደነበር። ጽፌ እንደጨረስኩ በድምፅ ቀድቼ ላክሁት። ርዝመቱ ስላስቸገረኝ ለሁለት ከፈልኩት፤ «ምዕራፍ አራት» የሚለው የመጀመሪያው ላይ ቀረ። ሁለተኛው የሚጀምረው «እኔ እዚህ ነኝ፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል» ብሎ ነው፤ ከኋላዬ ደግሞ እውነተኛው ማጠቢያ ማሽን ይሽከረከራል።

በኛ ዘንድ የተለመደ ነገር አለ። ቤት የተቆለፈባት ሴት ስልክ ካገኘች ድምፅዋን ቀስ ብላ ቀድታ ትልካለች፤ እኛም ሰው እስኪደርስላት እንቀባበለዋለን። በዚህ መንገድ የወጡ አሉ። እና ከግሩፓችን አንዷ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ለአገሯ ልጆች ላከችው፤ እነሱ ለሌሎች፤ ሌሎቹ ለሌሎች። ከቀናት በኋላ ድምፁ ዞሮ ወደኔው መጣ፣ ከማላውቃት ሴት መልእክት ጋር፦ «እህቶቼ፣ ይቺን የታፈነች ልጅ የሚያውቃት አለ? ያላ፣ ለአላህ ብላችሁ አስተላልፉ።»

ከፍቼ ሰማሁት። የገዛ ድምፄ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም፤ ልጅቷ ነፍስ ዘርታ ሰው ሆናለች ማለት ነው። ቀጥሎ ፍርሃቱ መጣ። የማያውቋት ሴቶች ሰፈሯን ሲያጣሩ፣ አንዳንዱ ኤምባሲ እንድረስ ሲል አየሁ። «ልቦለድ ነው፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት» ብዬ ላክሁ። ያንን ግን ማንም አላስተላለፈውም፤ ልቦለድ ነው የሚል መልእክት ማን ብሎ ያስተላልፋል?

በዚያው ሰሞን ዑረይጃ ሰፈር የምትሠራ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። በአገሯ በወሎ አንዲት እናት እንዳለች፣ ልጇ እዚሁ ሪያድ ውስጥ በአፈሳው ጊዜ ቤት ልትቀይር መሆኗን ተናግራ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ እንደጠፋ፣ ሴትዮዋ ያንን ቅጂ ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀምስ እንዳለች ነገረችኝ።

«እህቴ፣ አንቺው አስረጂያት። እኔ ብነግራት አላመነችኝም።»

በማግስቱ ቤቱ ሲተኛ በሰጠችኝ ቁጥር ደወልኩ። ጎረቤቷ አንስታ ስልኩን ሰጠቻት።

«ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ የአሮጊት አልነበረም። «ያቺን ልጅ የምታውቂያት አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እናቴ፣ እሷ የለችም። እኔ የፈጠርኳት ናት። ድምፁም የኔ ነው።»

«ድምፁ የኔ ልጅ እንዳልሆነስ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ልጅ የወለደ አንጀት ይስታል እንዴ? ግን ሻሿን ትቋጥራለች አልሽ።»

«አዎ።»

«የኔዋም ትቋጥራለች። እኔም እቆጣት ነበር። ከማን ሰማሽው?»

ከማንም አልሰማሁትም። ከራሴ ጣት ነው የወሰድኩት፣ ስንቱ ሴት ልጅ የሻሿን ጫፍ ትቋጥራለች! ይህንኑ ነገርኳት።  ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ እሷ እኔን፣ «አጥፍተሻል አላልኩም። በይ የቀረውንም ላኪልኝ። የሌላ ሰው ልጅ ታሪክም ቢሆን ልስማው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም አድማጬ ሆነች። በየሳምንቱ በጎረቤቷ ስልክ ትሰማና መልሳ ትጠይቀኛለች። «ራሷን ያመማት ተሻላት?» «ዛሬስ ምን በላች?» ከዚህ በኋላ ልቦለዱ አንድ እርምጃ አልሄድ አለኝ። መጻፍ አልተውኩም፤ እንዲያውም እንደዚያ ጊዜ ጽፌ አላውቅም። ግን የምጽፈው ሁሉ እናትየዋ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ይታየኛል። ደረቁ ዳቦ አጠገብ እንቁላል አስቀመጥኩ። በሽታው ወደ ጉንፋን ወረደ። ማዳሟ በየጁምዓው በሩን ትከፍት ጀመር።

ሾፌሩ ጻፈልኝ፦ «ማዳሟ ሐጅ ደርሳ መጣች እንዴ? ምን ዓይነት መልካም ሴት ወጣት! እኔም እሷ ቤት ልቀጠር።»

«ወንድሜ፣ እናቷ እየሰማች እኮ ነው።»

«የማን እናት?»

 ያወጣሁትን መለስኩ፣ የመለስኩትን አወጣሁ። አንድ ቀን ልጅቷን ልግደል ብዬ እቀመጣለሁ፤ ትኩሳቱን አመጣባታለሁ፤ የእናትየዋ «ተሻላት?» ይመጣብኛል፤ ትኩሳቱን አወርደዋለሁ። ይህን እያሰብኩ ስተኩስ የአባወራውን ነጭ ጀለቢያ ደረቱ ላይ አቃጠልኩት። የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ማዳሜ ጮኸች፣ ስልኩንም ለሰሞኑ ቀማችኝ። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ስልክ የሌለባቸው ቀናት እረፍት ነበሩ። ዕረፍቱ ግን ቶሎ ሰለቸኝ፤ ሳይጽፉ መዋል ሲጽፉ ከመቸገር እንደሚብስ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ዓመቱ ተለወጠ፣ ረመዳን መጥቶ ሄደ፣ እኔ እዚያው መጨረሻ ላይ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ልጅቷ አትሞትም፣ አትድንም። ታማ በተኛችበት ቁልፍ ሲዞር ትሰማለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ብርሃን ይገባል፤ አለቀ። ማን እንደከፈተው አልጻፍኩም። ከሞቷ አምልጫለሁ፣ ከውሸቱም አምልጫለሁ። እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት እንደመጣልኝ ራሴን አደነቅኩ።

ሾፌሩም አደነቀኝ። «ይሄ ብስለት ነው» አለኝ፣ እሱ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደስታው ግሩፑ ጋር እስኪደርስ ነው የቆየው።

«ወጣች ወይስ አልወጣችም?» አለች የራውዳዋ።

«እናንተ አስቡት ብዬ ነው።»

«እኛ የማሰቢያ ጊዜ የት አለን? አንቺ አስቢው እንጂ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰማንሽ?»

እነሱ ለምደውብኛል፣ አላስጨነቁኝም። የእናትየዋ ስልክ ግን በማግስቱ መጣ። ያኔ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያውን ነቅዬ ስልኩን አነሳሁ።

«ልጄ፣ አለቀ አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ እናቴ፣ አልቋል።»

«በሩ ተከፈተ አልሽ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ያለውን ሰሚው እንዲያስበው ተውኩት።»

 በስልኩ ውስጥ የሆነች ዶሮ ስትንጫጫ ይሰማኛል።

«እኔ ሳስብ ነው የምውለው» አለች። «በሩ ሲከፈት ነው የማስበው፤ ስተኛም ስነሳም። ይሄ መጨረሻ አይደለም ልጄ። ይሄ የኔ ቤት ነው።»

የልብሱ ቅርጫት ላይ ተቀመጥኩ። ብልጠቴን ሁሉ ውሃ በላው። የሷን ኑሮ ወስጄ፣ አሳምሬ፣ መጨረሻ ብዬ መልሼ ልኬላታለሁ።

«መጀመሪያ ስታስቢው እንዴት ነበር የሚያልቀው?» አለችኝ።

ልዋሻት አስቤ ነበር። አፌ እምቢ አለ።

«ትሞታለች» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ወሰድሽብኝ?»

«እናቴ፣ አንቺ እየሰማሽ እንዴት አድርጌ?»

«ስሚኝ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ጎረቤቷ እንዳትሰማ መሰለኝ። «ማልቀስ ተከልክያለሁ። ዓይኔ ትንሽ እንባ ካቀረረ ሟርት ነው ይሉኛል፤ በሕይወት ላለች ልጅ አይለቀስም፣ ሞት ትጠሪባታለሽ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እንዲሁ ነበር የምለው። ሞታለች የሚል ሰው ቢመጣ ለቅሶ እቀመጥ ነበር፤ ደህና ናት የሚል ቢመጣ ሰደቃ አወጣ ነበር። ማንም አይመጣም። የኔዋን እጠብቃለሁ፣ ኢንሻአላህ ትመጣለች። ያንቺዋን ግን ጨርሺልኝ። ለሷ ላልቅስ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ያንን ምዕራፍ እንደ ሌሎቹ እየተንቆራጠጥኩ አልጻፍኩትም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ተንቆራጥጫለሁ። ለቃል ማማር ግን አልተጨነቅኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠይቀው፦ እናት ምን ማወቅ ትፈልጋለች? ማን አጠገቧ እንደነበረ። ውሃ ጠይቃ እንደሆነና የሰጣት ሰው እንዳለ። ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደከፈናት፣ የት እንደተቀበረች። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ረቂቄ ውስጥ አልነበሩም፤ እዚያ ልጅቷ በሦስት መስመር ሞታ ነበር። ዳቦው አጠገብ ያስቀመጥኩትን እንቁላል አነሳሁ። ትኩሳቱን መለስኩ። ሆስፒታል አስገባኋት። በድምፅ ብቻ የሚያውቋት ሴቶች ከየሰፈሩ፣ ከየአሠሪያቸው ለምነው፣ የታመሙ መስለው፣ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። እጇን የያዘችው የራውዳዋን የምትመስል ናት። የሙታኑ ስግደት፣ ሰላተል ጀናዛ፣ ተሰግዶባት፣ እዚሁ አሸዋው ውስጥ ተቀበረች።

ለግሩፑ አልላክሁትም። በድምፅም አልቀዳሁትም፤ ከእጄ ወጥቶ ሌላ እናት ጋር እንዲደርስ አልፈለግሁም። ቤቱ እንደተኛ የመተኮሻዋን ክፍል በር ዘጋሁና ደወልኩላት።

«እናቴ፣ ጨርሼዋለሁ። አሁን ላንብብልሽ ወይስ ሌላ ቀን ይሁን?»

«አሁን» አለች።

ቀስ ብዬ አነበብኩላት። ስናወራ ማቋረጥ ልማዷ ነበር፤ ያን ቀን አላቋረጠችኝም። ሴቶቹ ገላዋን እያጠቡ ሻሿን ሲፈቱላት ድምፄ ተሰበረብኝ። ያ ልቦለድ እኔን ሲያስለቅሰኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ውጬው ቀጠልኩ፤ እስከ ቀብሩ አደረስኩት፤ «አለቀ» አልኩ።

 ከዚያ ከሆዷ የወጣ አንድ ረዥም ድምፅ መጣ። ከዚያ እንደኛ አገር ለቅሶ ለቀቀችው፤ እየጠራች፣ እያወረደች፣ ደረቷን ስትመታ እየሰማሁ። በር ሲበረገድ፣ ሰዎች ሲሯሯጡ ይሰማኛል። ሴቶች ገቡ።

«ምን ሰማሽ? ልጅሽ ናት? ወይኔ! ማነው የደወለው?»

«አይደለችም» አለች እያለቀሰች፤ «የኔዋ አይደለችም፣ የኔዋ ትመጣለች። የሌላ እናት ልጅ ናት የሞተችው። ለዚችኛዋ አትከልክሉኝ።»

አንዷ ሌላ ነገር ልትል ጀመረችና ተወችው። ትንሽ ቆይቶ እነሱም ከሷ ጋር ማልቀስ ጀመሩ።